የበርበሬ ፕላትሌት 41 ሺህ ነው

በርበሬ የውሻዬ ስም ነው። መጀመሪያ ይሄን ልናገር፣ አለዚያ ርዕሱ ግራ ያጋባችኋል።

ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል የሚባለው ዘር ናት። ስድስት ኪሎ ተኩል ትመዝናለች። ጆሮዋ ግራና ቀኝ ተንዠርግጓል፣ ጠጉሯ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው፣ ያውም ደጅ ተሰጥቶ ፀሐይ የመታው በርበሬ የሚመስል ቀይ። ሌላ ስም አልመጣልኝም። እዚህ ቨርጂኒያ ጎረቤቶቼ ቃሉን ከሐበሻ ሬስቶራንት ስለሚያውቁት ሲጠሯት ደስ ይላቸዋል። እናቴ ግን እስካሁን አልተዋጠላትም። «የወጥ ቅመም ለውሻ ስም!» ትላለች ከአዲስ አበባ በስልክ። እሷ ዘንድ ውሻ ቡቺ ወይም ጃክ ይባላል፣ የሚያድረውም በር ላይ ነው። አልጋዬ ላይ እንደምትተኛ አልነገርኳትም። ይሄን እንደማታነብ ተስፋ አደርጋለሁ።

ያለፈው ዓመት መጋቢት ላይ በርበሬ ስምንት ወሯን ስትይዝ እንዳትወልድ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያዝኩላት። እዚህ የተለመደ ነገር ነው፣ ጠዋት አድርሰሽ ማታ ትወስጃታለሽ። ከማደንዘዣው በፊት ደሟን ይመረምራሉ። አድርሻት ሥራ ገባሁ። ገና ኮቴን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። ከክሊኒኩ የደወለች ሴት ናት።

«ፕላትሌቷ 41 ሺህ ነው። ዛሬ ኦፕሬሽኑን አናደርግም።»

41 ሺህ ስባል እኔ ብዙ መሰለኝ። እውነቴን ነው። ደሞዝ ቢሆን ይሄን ያህል አያስደነግጥም። «እሺ፣ ስንት መሆን ነበረበት?» አልኩ። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ በታች መሆን የለበትም አለችኝ፣ እስከ 400 ሺህ እና ከዚያም በላይ ይሄዳል፤ ላብራቶሪ ከላብራቶሪ ትንሽ ይለያያል እንጂ 41 ሺህ ግን የትም ሄደሽ ልክ አይደለም። ኮቴን እንደለበስኩ ተመልሼ ወጣሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ቸኩሏል። ውጭ ሰባት ስምንት ሰው ድመትና ውሻ ይዞ ይጠብቀዋል። የነገረኝን እንደገባኝ ላስቀምጠው። ፕላትሌት ደም ሲፈስ ተጣብቆ ቀዳዳውን የሚደፍነው ነገር ነው። (በመጽሐፍ አማርኛ «ደም አርጊ ሕዋስ» ይሉታል፣ በአፍ ሲጠራ ግን ሰምቼ አላውቅም፣ ስለዚህ ፕላትሌት እያልኩ እቀጥላለሁ።) ይሄ ካነሰ ቢላ ማሳረፍ አደገኛ ነው። ለምን አነሰ? ምናልባት የራሷ የሰውነት መከላከያ ፕላትሌቶቿን እንደ ጠላት ቆጥሮ እየፈጃቸው ይሆናል። ምናልባት ከመዥገር የመጣ በሽታ። ምናልባት የአጥንት መቅኔዋ ታሟል። ሦስተኛዋን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ፕሬድኒሶን የሚባል፣ የሰውነት መከላከያን የሚያበርድ ክኒን ጻፈልኝ፣ «ዛሬ ማታ ጀምሪላት» ብሎኝ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደ።

ፕሬድኒሶን ቀላል ክኒን አይደለም። ውሻዋ ውኃ እንደ ግመል ትጠጣለች፣ ቤቱን ሁሉ ትሸናበታለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ልብላ ትላለች፣ መከላከያዋም ይዳከማል። አንዴ በትልቅ መጠን ከተጀመረ ደግሞ ቀስ እየተባለ እንጂ ድንገት አይቆምም። መሰጠት ሲኖርበት ይሰጣል፣ ሕይወት ያተርፋል። ግን እኔ በዚያች ቅጽበት የማውቀው ነገር አልነበረም። ከፈልኩ፣ ክኒኑን ተቀበልኩ፣ መኪና ውስጥ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ።

አስቂኙ ነገር በርበሬ ናት። ማታ ቤት ስንገባ የግራ እግር ካልሲዬን ነጥቃ ሶፋ ስር ገባች። ከዚያ ወጥታ ሳሎኑን አምስት ጊዜ ዞረች። እኔ ኢንተርኔት ላይ «ውሻ ፕላትሌት ማነስ» ብዬ ያነበብኩት ሁሉ ሞት ነው የሚያወራው፣ እሷ ደግሞ ካልሲ ይዛ ትፎክራለች። በስልኬ መብራት ድዷን ገልጬ አየሁ። ሮዝ ነው። ሆዷን ገለበጥኩ። እንደ ቁንጫ ንክሻ የተበተኑ ቀያይ ነጠብጣቦች ካሉ ያ ከቆዳ ስር የሚደማ ደም ነው ይላሉ፤ አንዲትም የለም። በማግስቱ ለመታጠብ ያስቀመጥኩትን ነጭ ፎጣ አንጥፌ አስተኛኋት፣ ሌሊት ብትደማ ይታየኛል ብዬ። ፎጣው ላይ ያገኘሁት ቀይ ጠጉር ብቻ ነው።

ወደ አራት ሰዓት ማታ ላይ ትዝ ያለኝ ጓደኛዬ ነው።

ይሄ ልጅ ቢሾፍቱ ነው የእንስሳት ሕክምና የተማረው። ዲግሪውን ይዞ መጣ፣ እዚህ ግን በሙያው ለመሥራት እንደገና ረጅም ፈተና፣ ረጅም ወረፋ፣ ብዙ ብር። ስለዚህ የሰው ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፣ ቀን ደግሞ ለፈተናው ያጠናል። እንዲህ ዓይነት ሰው በየከተማው አለን አይደል? ታክሲ የሚነዳ ሐኪም፣ ፓርኪንግ የሚጠብቅ መሐንዲስ። ደወልኩለት።

«41 ሺህ» አልኩት።

«ዘሯ ምንድን ነበር?»

«ካቫሊየር።»

ሳቀ። እኔ ጉሮሮዬ ተዘግቶ እሱ ይስቃል። ልዘጋበት ነበር።

«ስሚ» አለኝ፣ «ማሽን ነው የቆጠረው ወይስ ሰው በዓይኑ አይቶታል?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነቱ እሱ ነው እንጂ!»

ከዚያ የነገረኝን እሱ እንደተናገረው አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ካነበብኩት ሁሉ የእሱ ይሻላል። ፕላትሌት እንደ ሌላው ሕዋስ ተወልዶ የሚያድግ ነገር አይደለም። መቅኔ ውስጥ አንድ ግዙፍ ሕዋስ አለ፣ ሜጋካርዮሳይት ይባላል። እሱ ገላውን እንደ ረጅም ክር እየሳበ ወደ ደም ሥሩ ያወጣዋል፣ ክሩ ይቆራረጣል፣ ቁርጥራጩ ፕላትሌት ይሆናል። በቃ፣ ብጥስጣሽ ነው። ክሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ደግሞ ውስጡ ያለ ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ አጽም ነው። በካቫሊየሮች ላይ ለዚህ ፕሮቲን መመሪያ የሚሰጠው ጂን ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራለች። አጽሙ እንደ ልቡ አይጠነክርም። ስለዚህ ክሩ ቀጭን ቀጭን ሆኖ በብዙ ቦታ አይቆረጥም፣ በጥቂት ቦታ ወፍራም ወፍራም ሆኖ ይቆረጣል።

«አንድ ቡሃቃ ሊጥ አለሽ» አለኝ። «እናትሽ ሃያ ትንንሽ ዳቦ ታወጣበታለች። አንቺ ሰነፍ ስለሆንሽ ሰባት ትልልቅ ታወጪበታለሽ። ዳቦ አነሰ?»

«ቁጥሩ አነሰ።»

«ሊጡስ?»

ሊጡ ያው ነው።

ሁለተኛው ነገር ማሽኑ ነው። ብዙዎቹ የደም መቁጠሪያ ማሽኖች ሕዋሱን በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ያሳልፉታል፣ ሲያልፍ በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ለውጥ መጠኑን ይለኩታል። ትንሽ ከሆነ ፕላትሌት፣ ተለቅ ካለ ቀይ የደም ሕዋስ ብለው ይመዘግባሉ። ማሽኑ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። የካቫሊየር ፕላትሌት ደግሞ አንዳንዴ ቀይ ሕዋሱን ያክላል፣ ሲብስም ይበልጠዋል። ታዲያ ማሽኑ «ቀይ» ብሎ ይቆጥረዋል። በቀይ ሕዋሱ ብዛት ላይ ምንም ለውጥ አይታይም፣ ቀዩ በሚሊዮን ስለሆነ የሚቆጠረው ይሰጥማል። ፕላትሌቱ ላይ ግን ጉድ ይፈላል። ድሮም ጥቂት የነበሩት እንደገና በግማሽ ያንሳሉ።

«ክኒኑን ልስጣት ወይስ ልተው?»

እዚህ ላይ ቁም ነገረኛ ሆነ። «እኔ ሐኪሟ አይደለሁም፣ አትስጪ አልልሽም። ካቫሊየር ስለሆነች ብቻ ሌላ በሽታ አይዛትም ማለት አይደለም። አሁን የሌሊት መስመራቸው ላይ ደውዪ፣ ምንም መድማት እንደሌለ ንገሪያቸው፣ ስላይድ፣ ማለት ደሟ መስታወት ላይ ተደርጎ በማይክሮስኮፕ፣ ታይቶ እንደሆነ ጠይቂ።» ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ፋይሉን አየች። ስላይድ አልታየም። ድዷ ንጹሕ ከሆነ፣ ሰገራዋ ካልጠቆረ፣ ነስር ከሌለ እስከ ጠዋት መጠበቅ ይቻላል አለችኝ። ክኒኑን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። እስካሁን እዚያው ነው፣ እሽጉ አልተከፈተም።

በማግስቱ ሌላ ቦታ ወሰድኳት። ሐኪሟ ጠና ያለች ሴት ናት፣ መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። በርበሬን እንዳየቻት ገና ወረቀቱን ሳታነብ «ፕላትሌቷ ዝቅ ብሎ ነው አይደል?» አለች። እንግዲህ ለካ ይሄ ነገር ለሚያውቀው ሰው ፊት ላይ ተጽፏል።

ደም እንደገና ተቀዳ። በጥንቃቄ፣ ከአንገቷ፣ አንዴ ብቻ ተወግታ። ምክንያቱም ትንሽ ውሻ ስትወራጭ መርፌው ደሙን እየጎተተ እየተወ ሲቀዳ ፕላትሌቶቹ እዚያው ብልቃጡ ውስጥ ተቃቅፈው ይረጋሉ። ማሽኑ የተቃቀፉትን አይቆጥርም። ይሄ ደግሞ ሌላ የውሸት ማነስ ነው፣ በየትኛውም ዘር ላይ ይደርሳል።

ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች። «ማየት ትፈልጊያለሽ?» ብላ ማይክሮስኮፑ ጋ ጠራችኝ። አንድ ጠብታ ደም መስታወት ላይ ተስቦ፣ ደርቆ፣ በቀለም ተነክሯል። ላዩ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጣል አድርጋ ትልቁን ሌንስ እስኪነካው አወረደችው። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠራ። ሮዝ ሮዝ ክቦች፣ መሐላቸው ገርጣ ያሉ፣ ሜዳውን ሞልተውታል። እነዚያ ቀይ ሕዋሶች ናቸው። «ወደ ቀኝ ጥግ» አለችኝ። አንድ ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ዳሩ የተቦጫጨቀ፣ ውስጡ እንደ ኑግ የደቀቀ ነገር የተነሰነሰበት ክብ አለ። ከሮዞቹ አንዱን ያክላል። «ይሄ ፕላትሌት ነው» አለች። «በሌላ ውሻ ላይ ቢሆን የዚህ ግማሽ ቢሆን ነው።»

አሥር ቦታ እያዞረች ቆጠረች። አንዱ ቦታ ላይ አራት፣ አንዱ ላይ ሰባት፣ አማካዩ አምስት ተኩል ገደማ ወጣ። በዚያ ሌንስ አንድ ፕላትሌት በታየ ቁጥር በግምት 15 ሺህ ብለሽ ታሰቢያለሽ አለችኝ። አባዙት፣ 80 ሺህ አለፍ ይላል። የማሽኑ 41 ነበር። ግማሹን አላየም ማለት ነው። 80 ሺህም ቢሆን ለሌላ ውሻ ያንሳል፣ ለእሷ ግን ልኳ ነው።

ሊጡንም የሚለካ መንገድ አለ። ደሙ በፍጥነት ሲሽከረከር እንደ ጠላ ይጠልላል። ከላይ ፈሳሹ፣ ከታች ቀዩ፣ መሐል ላይ ስስ ነጣ ያለች መስመር። ፕላትሌትና ነጭ ሕዋሱ እዚያች መስመር ውስጥ ናቸው። የፕላትሌቱ ድርሻ ስንት ቦታ እንደያዘ የሚለኩ ማሽኖች አሉ፣ ቁጥር ሳይሆን ጠቅላላ ይዘቱን ነው የሚነግሩሽ። የበርበሬ ይዘት ደህና ነው። ደም የሚደፍነው ደግሞ ይዘቱ ነው፣ የጭንቅላት ቆጠራው አይደለም። ለዚህ ነው እነዚህ ውሾች ቁጥራቸው 50 ሺህም፣ ከዚያም በታች ሆኖ ሳይደሙ የሚኖሩት።

ለማረጋገጥ ጉንጯን ከውስጥ በጥጥ ጠርገን ለዘር ምርመራ ላክን። ውጤቱ ሲመጣ የተቀየረው ጂን ሁለት ቅጂ አላት፣ አንዱ ከአባቷ አንዱ ከእናቷ። አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው ተሸካሚ ይባላሉ እንጂ ፕላትሌታቸው አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው።

አሁን የምጽፈው የተናደድኩበት ክፍል ነው። ይሄ ነገር አዲስ ግኝት አይደለም! የስካንዲኔቪያ ሐኪሞች ካቫሊየሮች ላይ ያለ ምንም ሕመም ፕላትሌት እንደሚያንስ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጽፈውበታል። ጂኑም እ.ኤ.አ. በ2008 ታውቋል። ከእነዚህ ውሾች ግማሽ ያህሉ ይሄ ነገር አለባቸው ይባላል። ግማሽ! ብርቅ ነገር ቢሆን ሐኪሙ አላወቀም ብዬ አልፈርድም። ግን በሁለት ካቫሊየር አንዷ ላይ የሚታይ ነገር ነው፣ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ነጭ ፎጣ ላይ አፍጥጬ አደርኩ። ወጣቱን ሐኪም አልጠላውም። ጊዜ ቢኖረው ያስበው ነበር ብዬ አምናለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር አክሞ ውሻዋን ረሳት፣ ያ ነው የቆጨኝ።

እንዴት ግማሽ ሊደርስ ቻለ ብዬ ታሪኳን ማንበብ ጀመርኩ፣ እዚያ ላይ ደግሞ ሰዓቴ አለቀ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ትንንሽ ስፓኒየሎች ይወድ ነበር፣ በሥዕል ላይ አፍንጫቸው ረዘም ያለ ነው። በኋላ አርቢዎች ፊቱን እያሳጠሩ እያሳጠሩ ጠፍጣፋ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1926 ሮዝዌል ኤልድሪጅ የሚባል አሜሪካዊ ለንደን ክራፍትስ የውሻ ትርኢት ላይ «ያንን የድሮውን ባለ ረጅም አፍንጫ ላመጣልኝ 25 ፓውንድ» አለ። ጥቂት ሰዎች በጥቂት ውሾች ጀመሩ። የእንግሊዙ ኬኔል ክለብ ካቫሊየርን ራሱን የቻለ ዘር ብሎ የመዘገበው በ1945 ነው፣ ጦርነቱ ባለቀበት ዓመት፣ ውሻ መመገብ እንኳ ጭንቅ ከሆነበት ጊዜ በኋላ። ዛሬ ያሉት ሁሉ የእነዚያ ጥቂቶች የልጅ ልጅ ናቸው። ከጥቂቶቹ አንዱ ያቺን ፊደል ይዞ ከነበረ፣ በቃ፣ ሁሉም ቤት ትገባለች። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባው ለካ ለዚህ ነው።

ስማቸው ከካቫሊየር ጋር የሚነሳ ሌሎች ትንንሾችም አሉ። ኖርፎክ ቴሪየርና ኬርን ቴሪየር ላይ በዚያው ጂን ላይ ሌላ ፊደል ተሳስቶ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ያላችሁ ሰዎች ልብ በሉ።

አሁን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፣ ጓደኛዬ ካላስጠነቀቅሽ ብሎ ይቆጣኛል። ካቫሊየር ነው ብሎ መተኛት አይቻልም። እውነተኛው በሽታ አለ። ሰውነት የራሱን ፕላትሌት ሲፈጅ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ30 ሺህ በታች ይወርዳል፣ አንዳንዴ እስከ ባዶ ድረስ፤ ኮከር ስፓኒየልና ፑድል ላይ በብዛት ያዩታል፣ ግን ማንንም ውሻ ይይዛል። ድድና ሆድ ላይ ነጠብጣብ፣ ሳይመታ የሚበልዝ ቆዳ፣ ነስር፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ድድ መንጣት ካያችሁ ስለ ዘር አታውሩ፣ ሩጡ። ሁለተኛው መዥገር ነው። ቡናማዋ የውሻ መዥገር ኤርሊኪያ የምትባል ባክቴሪያ ታስተላልፋለች፣ እሷ ፕላትሌት ታራግፋለች። በሙቅ አገር ሁሉ ያለች መዥገር ናት፣ የእኛም አገር ውሾች ጆሮ ውስጥ ልጅ እያለን እየነቀልን ድንጋይ ላይ የምናፈነዳት። በዶክሲሳይክሊን ትታከማለች፣ በጊዜ ከተደረሰባት። በርበሬም ለእሷ ተመርምራ ነጻ ወጥታለች።

ልዩነቱን በቤት ማወቅ አይቻልም። ስላይዱን ሰው በዓይኑ ይየው የምለው ለዚህ ነው። እውነተኛው በሽታ ላይ ስላይዱ ባዶ ሜዳ ነው፣ ብዙ ፈልጎ አንድ ሁለት ማግኘት ነው። የካቫሊየሩ ላይ ግን ጥቂት ቢሆኑም ግዙፍ ግዙፍ ሆነው ይታያሉ። ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ደግሞ እኮ ካቫሊየር ላለው ሰው ፕላትሌት ትንሹ ጭንቀት ነው። ልባቸው ነው የሚገድላቸው። ሚትራል የሚባለው የልብ በር ቀስ እያለ ያረጃል፣ በሌላ ውሻ ላይ በስተርጅና የሚመጣው እነሱ ላይ ገና በወጣትነት ይጀምራል። ሌላው የራስ ቅላቸው ለአንጎላቸው ጠብቦ አከርካሪያቸው ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀሙ ነው፣ ያማቸዋል፣ አየሩን ያክካሉ። ኖርዌይ ውስጥ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይሄን ዘር አሁን ባለበት ሁኔታ ማራባት የእንስሳት ደህንነት ሕጉን ይጥሳል ብሎ ወስኗል። ይሄን ያነበብኩት በርበሬ ጉልበቴ ላይ ተኝታ እያንኮራፋች ነው። ከመግዛቴ በፊት ባነበው ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። አሁን ግን የእኔ ናት። ስለዚህ በየዓመቱ ልቧን አስደምጣለሁ፣ ስለ ፕላትሌት ግን እንቅልፌን አላጣም።

ኦፕሬሽኑ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተሠራ። ሐኪሟ ከሌላው ውሻ የተለየ ደም አልፈሰሳትም አለችኝ። አሥር ቀን አንገቷ ላይ ያንን የፕላስቲክ ጃንጥላ አድርጋ ግድግዳ ስትገጭ ከረመች። እናቴ በቪዲዮ አይታ «ምን አድርገሽባት ነው፣ ሬድዮ አሠርተሽባት ነው?» አለችኝ። ከዚያ ግን ቁስሉን እንድታይላት ካሜራውን እንዳስጠጋ ጠየቀችኝ። «ቅቤ ቀቢያት» አለች። አልቀባኋትም፣ ለራሷ ግን ቀባኋት አልኳት።

ከስላይዱ ላይ ያየነው ቁጥር፣ የዘር ምርመራው ውጤት፣ ሁለቱንም ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ «የበርበሬ ደም» በሚል ፎልደር አስቀምጫለሁ። አንድ ቅጂ ደግሞ የክትባት ደብተሯ ውስጥ አለ። ቤት ስቀይር፣ ሐኪም ስቀይር፣ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ስገባ የመጀመሪያው ነገር እሱን ማሳየት ነው። ጤነኛ ሆና ሳለ ልኳ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ የታመመች ቀን ቁጥሩ ወርዶ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ባለፈው ወር ጥርሷን ለማጽዳት ሌላ አዲስ ቦታ ወሰድኳት። ወረቀቱን ሰጥቼ፣ ነግሬ፣ ፈርሜ ሥራ ገባሁ። ኮቴን እያወለቅኩ ስልኬ ጮኸ።

«ይቅርታ፣ ስለ በርበሬ ነበር፣ የፕላትሌቷ ቁጥር ትንሽ...»

«ስንት ነው?»

«46 ሺህ።»

«ጨምራለች!» አልኩ።

ዝም አለች። ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል። «አሃ» አለች ቆይታ፣ «እዚህ ላይ ተጽፏል ለካ።»